አርባ አንድ ነጭ

ሩዊ፣ አራተኛ ፎቅ። ማቀዝቀዣው ያጉረመርማል፤
ከመስኮቱ ማዶ ጥቁሩ ተራራ የቀኑን ግለት ይተፋል፤
በስክሪኔ ላይ አርባ አንድ ነጭ ተሰልፏል፦
ነጭ። ነጭ አዲስ። ነጭ የመጨረሻ።
ነጭ የመጨረሻ ሁለት። ነጭ አትንኩ። ነጭ መሞከሪያ።
የሐመድ ነጭ (ሐመድ ከለቀቀ ሦስት ዓመቱ)።
አንዱ ደግሞ ስሙ ክፍት ቦታ ነው፣ ጠቅ ካላሉት አይታይም፤
እሱም ነጭ ነው፤ ሌላ ምን ሊሆን? ሌላ የለም።

በሙስካት ግድግዳ ነጭ ነው፣ ካልሆነም የነጭ ዘመድ፤
ማዘጋጃው ሌላ አይወድ።
መጥቶ የሄደ ነዳፊ ሁሉ የራሱን ነጭ አምጥቶ
እዚህ ቋት ውስጥ ጥሎት ሄደ፣ እንደ ካልሲ ረስቶ።

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይላሉ።
እዚህ መልአኩ ኢንጂነር ቢጁ ነው፣ የትሪሱር ሰው፤
መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ሕጉን በወረቀት አትሞ ሰጠኝ፦
"መጀመሪያ ወገኑ፣ ቀጥሎ ዓይነቱ፣
ከዚያ ቀለሙ፣ በመጨረሻ ውፍረቱ፤
በመካከል የታች ሰረዝ፤ ክፍት ቦታ ክልክል ነው፤
ስሙ የተበላሸ ነገር ሒሳቡም የተበላሸ ነው።"
እውነቱን ነው። ባለፈው ረመዳን "ነጭ ሦስት" እብነ በረድ መስሏቸው
ለአንድ ቪላ መታጠቢያ ቤት ጣሪያ
ስድሳ ካሬ እብነ በረድ አዘዙ።
ለጣሪያ!

አያቴ ተክለወልድ ቤት መራጊ ነበር፤ ጭቃን በስሙ ያውቃል፦
ትናንት የተቦካው ሌላ፣ ጭድ ጠግቦ ሦስት ቀን ያደረው ሌላ፣
ምርጊት ሌላ፣ ልስን ሌላ፤
በእግሩ እየረገጠ "ገና ነህ" ይለዋል፣
"ገና ነህ"፣ "ገና ነህ"፣ "አሁን ደረስክ" ይለዋል።
ዛሬ በመታወቂያዬ ላይ የቤተሰብ ስም ሆኖ ተመዝግቧል፤
ቢሮው ሁሉ "ሚስተር ተክለወልድ" ይለኛል።
ባሕር ሳያይ የሞተው ሰውዬ
ጠዋት ጠዋት ከመጥራህ ወደብ ኢሜይል ይደርሰዋል።

ብርቄ በአርብ እረፍቷ ስትነግረኝ እየሳቀች ነበር፦
የመጀመሪያው ቤት "ራህማ" አሏት።
ሁለተኛው ቤት ራህማ የምትባል ቀድማ ነበረች፤
እሷን "ራህማ ሁለት" አሏት።
ሦስተኛው ቤት ከገባች ዓመት ከመንፈቋ ነው፤
እስካሁን "አዲሷ" ናት።
"ምን አለበት" አለች፣ "ደሞዙ የሚገባው በትክክለኛው ነው።"
እኔም ሳቅሁ።
እሑድ ግን ቢሮ ገብቼ
"ነጭ አዲስ" ላይ ጣቴ ቆመ።

ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ሠላሳ ዘጠኙን ጨርሻለሁ።
ማሽኑ ይጠይቃል፦ "የትም አልዋለም፤ ይሰረዝ?"
ይሰረዝ።
"የትም አልዋለም፤ ይሰረዝ?"
ይሰረዝ፣ የሐመድም ይሰረዝ።
ክፍት ቦታው ግን እምቢ አለ፤ አንድ ቦታ ተቀብቷል።
ፈለግሁት። ቪላ አሥራ ሰባት፣ ከኩሽናው ጀርባ፣
ከጋዝ ሲሊንደሩ አጠገብ፣
ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር ከሃያ።
በር አለው። መስኮት የለውም።
የክፍሉ ስም "ሠራተኛ" ይላል፤ እሱ በደንቡ ነው፣ ስሕተት የለበትም።

ኢንጂነር ቢጁን ጠራሁት። መነጽሩን ከግንባሩ አወረደ፤
ክፍሉን በማውሱ አዞረው፣ እንደገና አዞረው፣
የጠፋ ነገር ከጀርባው እንዳለ ሁሉ።
"መስኮቱ የአርክቴክቱ ነው" አለ ቀስ ብሎ፣
"የእኛ ስሙ ነው።"
ቦርሳውን አንስቶ ወጣ፤ ሊፍቱን ሳይጠብቅ በደረጃው።

ጻፍሁ፦ ልስን_ኖራ_ነጭ_15።
ደንቡ አሳለፈው፤ አረንጓዴው ምልክት በራ።
ሒሳቡም ወዲያው መጣ፦
ሃያ አንድ ካሬ ሜትር፣ በሩ ተቀንሶ።
የሚቀነስ መስኮት የለም።